የ12ኛ ክፍል ፈተና፦ ደጋግሞ ማንበብ ብቻ ለምን አይበቃም?

የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የውጤት ቀን ለብዙ ቤተሰብ የጭንቀት ቀን ሆኗል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። ቁጥሩ ከፍ እያለ ቢመጣም በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ግማሹን ነጥብ አላገኙም።

ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ። የመምህራንና የመጻሕፍት እጥረት፣ በየአካባቢው የነበረው የጸጥታ ችግር ተማሪዎችን ጎድቷል። እነዚህን አንድ ተማሪ ብቻውን ሊቀይራቸው አይችልም። በእጁ ያለው የሚያጠናበት መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረውም በእሱ ላይ ነው።

ማንበብና ማወቅ ይለያያሉ

አብዛኛው ተማሪ የሚያጠናው ምዕራፉን ደጋግሞ በማንበብ፣ መስመሮችን በማቅለምና ማስታወሻ በመገልበጥ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስናነበው ገጹ የለመድነው ይመስለናል፤ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» እንላለን። ነገር ግን ፈተናው የሚጠይቀን መጽሐፉ ፊት ለፊታችን በሌለበት ነው።

ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎች አነበቡ። ከዚያ አንዱን ጽሑፍ በድጋሚ አነበቡ፤ ከሌላው ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ካነበቡት 81 በመቶ፣ በቃላቸው ከጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ በቃላቸው ከጻፉት 56 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ደግመው ካነበቡት ያስታወሱት 42 በመቶ ብቻ ነበር።

ይህ ቁርኣን ለቀራ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ሂፍዝ የሚይዝ ልጅ ገጹን መቶ ጊዜ ስላየ ብቻ አልፏል አይባልም። ኡስታዙ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ሙስሐፉን ዘግቶ ያሰማል። የተሳሳተበት ይታረማል፤ አዲሱን ከመያዙ ጎን ለጎንም የድሮውን ሙራጃዓ ያደርጋል። ብዙ ልጆቻችን ይህን ዘዴ በመድረሳ ለዓመታት ሲሠሩበት ኖረው፣ ኬሚስትሪና ጂኦግራፊ ላይ ሲደርሱ ይተውታል። የእኛ ምክር ባጭሩ መጽሐፉን ዘግታችሁ ለራሳችሁ አሰሙ የሚል ነው።

በተግባር እንዴት ይሠራል?

ዘግቶ መጻፍ፦ አንድ ንዑስ ርዕስ ካነበባችሁ በኋላ መጽሐፉን ዝጉና ባዶ ወረቀት ላይ የያዛችሁትን ጻፉ። ባዮሎጂ ላይ ፎቶሲንተሲስን ካነበባችሁ የት ይካሄዳል፣ ምን ይገባል፣ ምን ይወጣል፣ ብርሃን ባይኖር ምን ይቋረጣል የሚለውን ራሳችሁን ጠይቁ። ታሪክ ላይ የዓድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. መካሄዱን ብቻ አትያዙ፤ የ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛውና በጣልያንኛው እንዴት እንደተለያየና ይህ ወደ ጦርነት እንዴት እንዳመራ በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ። ከዚያ መጽሐፉን ገልጣችሁ የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ሙሉ። ነገ የምታጠኑት ቀዩን ነው።

በጊዜ ማራራቅ፦ አንድን ምዕራፍ በአንድ ሌሊት አምስት ጊዜ ከማንበብ በተለያዩ ቀናት አምስት ጊዜ መከለስ ይሻላል። ሰኞ ያጠናችሁትን ረቡዕ፣ ቀጥሎ በሳምንቱ፣ ከዚያም በወሩ ያለ መጽሐፍ ሞክሩት። ፈተናው የ12ኛ ክፍልን ትምህርት ብቻ የያዘ ስላልሆነ በየሳምንቱ ለታችኞቹ ክፍሎች የተወሰነ ቀን መመደብ ያስፈልጋል። ሁሉንም ለሰኔ ያቆየ ሰው አይደርስበትም።

ሒሳብና ፊዚክስን በእጅ መሥራት፦ የተሠራ ጥያቄ ማየት መሥራት አይደለም። መልሱን በወረቀት ሸፍናችሁ ራሳችሁ ሞክሩት፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ካልሄደላችሁ አንድ መስመር ብቻ ገልጣችሁ ቀጥሉ። ከአንድ ምዕራፍ ሃያ ተመሳሳይ ጥያቄ ብቻ አትሥሩ፤ ከተለያዩ ምዕራፎች አደባልቁ። የፈተናው ወረቀት የትኛው ቀመር እንደሚያስፈልግ አይነግራችሁም፤ መለየቱ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል።

የስህተት ደብተር፦ የቀድሞ ዓመታት ፈተናዎችን ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። የተሳሳታችሁትን እያንዳንዱን ጥያቄ በአንድ ደብተር ላይ አስፍሩና ምክንያቱን አጠገቡ ጻፉ፦ አላውቀውም ነበር፣ ጥያቄውን በትክክል አላነበብኩም፣ ወይስ ሰዓት አጠረኝ? ሦስቱ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። አፕቲትዩድ የሚባለው ፈተናም በሽምደዳ ሳይሆን በእንዲህ ያለ ልምምድ ነው የሚሻሻለው።

ቋንቋው፦ ጥያቄዎቹ የሚመጡት በእንግሊዝኛ ነው። ሐሳቡን በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በስልጥኛም ለጓደኛ ማስረዳት ይጠቅማል። በመጨረሻ ግን ዋና ዋና ቃላቱን በእንግሊዝኛ ካልያዛችሁ የምታውቁት ነገር ሊያመልጣችሁ ይችላል።

ቀኑን በሰላት መከፋፈል

ሙስሊም ተማሪ የተዘጋጀ የቀን መርሐ ግብር አለው። ከፈጅር በኋላ አእምሮ የሚያርፍበት፣ ቤቱም ጸጥ የሚልበት ሰዓት ስለሆነ ለከባዱ ትምህርት ይሁን። ከአስር እስከ መግሪብ ጥያቄ ይሠራበት። ከመግሪብ እስከ ኢሻ ያለው አጭር ጊዜ በዕለቱ የተጠናውን ዘግቶ ለማሰማት ይበቃል። ከኢሻ በኋላ ቀለል ያለ ክለሳ አድርጎ በጊዜ መተኛት ነው። ውዱእ ለማድረግና ለመስገድ የምንነሳበት ደቂቃም ለዓይንና ለወገብ እረፍት ነው፤ ስልክ ይዘን ካልተመለስን።

እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማምሸት ጉብዝና አይደለም። ቀን የተጠናው በአእምሮ ውስጥ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነው። ፈጅርን አሳልፎ፣ ክፍል ውስጥ እያንቀላፉ የሚገኝ ትርፍ የለም።

በእነዚህ ዓመታት ረመዷን የሚውለው በትምህርት ወቅት ነው። በጾም ቀን ከባዱን ጥናት ከሱሁርና ከፈጅር በኋላ ማድረግ፣ ከሰዓት በኋላ ጥቂት አረፍ ማለት፣ ከኢፍጧር በፊት ያለውን ሰዓት ለቀላል ክለሳ መተው ይረዳል። በረመዷን የጥናት ሰዓት ቢቀንስ ችግር የለውም፤ ጨርሶ እንዳይቋረጥ ግን መጠንቀቅ ነው።

«ወጣ» የሚባለው ፈተና

ፈተናው ሲቃረብ በቴሌግራም «የዘንድሮው ፈተና እጃችን ገብቷል» እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ ይበዛሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጡት የድሮ ጥያቄ ወይም የፈጠራ ወረቀት ነው። ገንዘቡ መጥፋቱ ሳያንስ፣ ተማሪው የቀረችውን ወሳኝ ሳምንት መልስ በመሸምደድ ይጨርሳል። እውነተኛ ቢሆንስ? ኩረጃ ማታለል ነው፤ በማታለል የተገኘ ውጤት ደግሞ ሐላል ሊሆን አይችልም።

ለወላጆች

እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ ፈተና ላይ መሆኑን በዱዓ ብቻ ሳይሆን በሰዓትም አስቡት። በተለይ ሴት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ምግቡም፣ ጽዳቱም፣ ታናናሾቹም እነሱን ይጠብቃሉ፤ ወንድም ግን «ሊያጥና» ተብሎ ይለቀቃል። ሥራውን ማካፈል ፍትሕ ነው። ትምህርቱን ባታውቁት እንኳ ደብተሩን ይዛችሁ «እስኪ አስረዳኝ» ማለት ትችላላችሁ። ልጁ ለማስረዳት ሲሞክር የጎደለውን ራሱ ያገኘዋል። ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር ግን ከጭንቀት በቀር የሚያመጣው የለም።

የመጨረሻው ሳምንት

አዲስ ምዕራፍ አትጀምሩ፤ የስህተት ደብተራችሁን ከልሱ። ወደ መፈተኛ ግቢ ስትሄዱ የመፈተኛ ካርዳችሁን፣ መታወቂያችሁን፣ የሌሊት ልብስና መስገጃችሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ። ስልክ እቤት ይቅር። ፈተና ላይ ከባድ ጥያቄ ሲገጥማችሁ ምልክት አድርጋችሁ እለፉት፤ ቀላሉን ጨርሳችሁ ተመለሱበት።

ውጤቱ እንዳሰባችሁት ባይሆንም መንገዱ አልተዘጋም፤ የማካካሻ ትምህርት፣ በግል ዳግም መፈተን፣ ቴክኒክና ሙያ አለ። የእኛ ድርሻ ሰበቡን ማድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአላህ ነው። ዛሬ ማታ ከምታጠኑት ምዕራፍ አንዱን ገጽ ዝጉና ለራሳችሁ አሰሙት። አላህ ያግራላችሁ።