ርስትና የገበሬው የዘር ሐረግ

የነገሥታቱን ሥራ ጸሐፍያን በዜና መዋዕል መዝግበውልናል። የገበሬውን ታሪክ ግን ከየት እናገኘዋለን? እርሱ ዘመኑን ከበሬና ከሞፈር ጋራ አሳልፎ፣ አንዲት መስመር እንኳ ሳይጽፍ አልፏልና። ሆኖም በጎጃምና በጎንደር የርስት ሥርዐት አንድ ማስረጃ ትቶልናል፤ ይኸውም የዘር ቈጠራ ነው።

በዚያ ሥርዐት ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ትውልዱን እየቈጠረ አገሩን መጀመሪያ ካቀናው ከአቅኚ አባት መድረስ ነበረበት። ክርክር በተነሣ ጊዜ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ይመሰክሩ ነበር። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የመሬት ሽያጭና ስጦታ፣ ከምስክሮቹ ስም ጋራ፣ በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ሁለቱን ስናስተያይ ገበሬው የማን ልጅ እንደ ነበረ፣ የት እንዳረሰ፣ ከማን ጋራ እንደ ተሟገተ እንረዳለን።

በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሣው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነካ በመሥጋት ጭምር ነበር፤ ቈጠራው ለኑሮው ምን ያህል መሠረት እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል። ነገር ግን ቈጠራው የሚያስታውሰው ባለርስቱን ነው፤ ርስት ያልነበረው ጭሰኛ በዚያ ሐረግ ውስጥ ቦታ የለውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ርስት ቀረ፤ ትውልድ የመቍጠሩም ጥቅም አብሮ ቀነሰ። ስለዚህ የሚቈጥሩት አረጋውያን ሳያልፉ ቃላቸውን እንጻፍ፤ ስንጽፍም የጭሰኛውን ልጆች ሳንጠይቅ አንለፍ።