የፋሲል ግንብ፤ ታሪኩና አሠራሩ

በጎንደር ከተማ፥ ከፒያሳ አጠገብ፥ በቅጥር ተከቦ የሚታየው የነገሥታት ግቢ «ፋሲል ግቢ» ይባላል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ያሠሩት ግንብ በዚህ ግቢ ካሉት ቤተ መንግሥቶች ሁሉ የገዘፈ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ በኖራ ተያይዟል፤ በአራቱም ማዕዘን ጉልላት የደፉ ክብ ግንቦች ቆመዋል።

ብዙዎች ሕንፃውን «የፖርቱጋሎች ሥራ» ሲሉ ኖረዋል። ዳሩ ግን ይህ አባባል ከዘመኑ ነገር ጋር አይስማማም፤ የኢየሱሳውያን ካህናት ከአገር የተባረሩት ጎንደር መናገሻ ከመሆኗ በፊት ነውና። በ1648 ወደ ጎንደር የመጣው የየመን መልእክተኛ ሐሰን ኢብን አሕመድ አልሐይሚ የግንቡ ሠሪ ሕንዳዊ እንደ ነበረ ጽፏል። ከዚህም የሚበልጠው ምስክር ከኢየሱሳውያን ወገን መገኘቱ ነው፤ ማኑኤል ደ አልሜይዳ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የኖራን ጥበብ ያስገኘው ከሕንድ የመጣ ሰው መሆኑን ይናገራል። እርግጥ፥ ካህናቱ በጎርጎራና በአዘዞ ሕንፃ ሲያሠሩ አብረዋቸው የሠሩ የአገሩ ግንበኞች ሙያውን ወደ ጎንደር ሳያመጡት አልቀሩም። ዕቅዱና ወጪው ግን የንጉሡ ነበር።

ከፋሲለደስ በኋላ ቀዳማዊ ዮሐንስ፥ ቀዳማዊ ኢያሱ፥ ዳዊት፥ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እያንዳንዳቸው በግቢው የየራሳቸውን ሕንፃ አቆሙ። ከእነዚህ ክፉ ዕድል የገጠመው የኢያሱ ግንብ ነው፤ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፥ በ1941ም የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ኢጣሊያኖችን ሲወጉ በቦምብ ተመታ።