ጉድፍ፤ መከላከያውና ሕክምናው

ጉድፍ ቫሪሴላ ዞስተር በተባለ ቫይረስ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ የሚተላለፍና በአብዛኛው ሕፃናትን የሚይዝ የትኩሳትና የሽፍታ በሽታ ሲሆን፣ ቺክንፖክስ በሚለው ስሙም ይታወቃል። ቫይረሱ የሚዛመተው በታማሚው ትንፋሽና ውኃ በቋጠሩት ሽፍታዎቹ ፈሳሽ አማካይነት ነው፤ ከታማሚው ጋር በአንድ ቤት ከሚኖሩና በሽታው ከዚህ ቀደም ካልያዛቸው ሰዎች እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ። ምልክቱ ቫይረሱ ከገባ ከ10 እስከ 21 ቀናት ውስጥ ይታያል። ታማሚው ግን ሽፍታው ከመውጣቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ቁስሎቹ በሙሉ ቅርፊት እስኪይዙ ድረስ ስለሚያስተላልፍ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ማስቀረት አስፈላጊ ቢሆንም ሥርጭቱን ሙሉ በሙሉ አይገታውም።

ከፈንጣጣ መለየቱ

ጉድፍ ለብዙ ዘመን ከፈንጣጣ ጋር ሲምታታ ኖሯል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን በ1767 እ.ኤ.አ. በለንደን ባቀረበው ጽሑፍ ሁለቱን ለይቶ ቢያስረዳም፣ ልዩነቱ ከ200 ዓመት በኋላም በአፍሪካ ቀንድ ትልቅ ክብደት ነበረው። ኢትዮጵያ በ1971 እ.ኤ.አ. የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ስትጀምር፣ በየመንደሩ የሚዞሩት ሠራተኞች የሚያዩት ሽፍታ የትኛው እንደሆነ በዓይናቸው መለየት ነበረባቸው። የፈንጣጣ ሽፍታ ፊትን፣ እጅንና እግርን አብዝቶ ይሸፍናል፤ በአንድ የሰውነት ክፍል ያለውም ሁሉ እኩል ያብጣል፣ እኩል ይደርቃል። ጉድፍ ግን ደረትና ጀርባ ላይ ይበረታል፤ በየተራ ስለሚወጣም በአንድ ልጅ ጀርባ ላይ አዲስ ቀይ ነጥብ፣ ውኃ የቋጠረ እባጭና የደረቀ ቅርፊት ጎን ለጎን ይገኛሉ። ይህን ማወቅ ሁልጊዜ ከስሕተት አላዳነም፤ በጥቅምት 1977 እ.ኤ.አ. በሶማሊያ መርካ ከተማ በተፈጥሮ በተዛመተ ፈንጣጣ የመጨረሻው ታማሚ የሆነው የሆስፒታል ምግብ አብሳይ አሊ ማው ማሊን ጉድፍ ይዞታል ተብሎ ነበር።

ከአልማዝ ባለጭራ ጋር ያለው ዝምድና

ቫይረሱ ሕመሙ ካለፈ በኋላ ከሰውነት አይወጣም፤ በነርቭ ሥሮች ውስጥ ተደብቆ ይቆይና የሰውነት መከላከያ ሲዳከም በአንድ ጎን ብቻ በሚወጣ፣ በሚያቃጥል ሽፍታ መልክ ይመለሳል፤ ይህም አልማዝ ባለጭራ የሚባለው ነው። በወጣቶች ላይ ሲታይ ሐኪሞች የኤችአይቪ ምርመራ እንዲደረግ የሚመክሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከጉድፍ ጋር ያለውን ግንኙነት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያስተዋለው የሃንጋሪው የሕፃናት ሐኪም ያኖሽ ቦካይ ሲሆን፣ የሁለቱ ቫይረስ አንድ መሆኑን በ1950ዎቹ አሜሪካዊው ቶማስ ዌለር በላቦራቶሪ አሳይቷል። በ1965 እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድጋር ሆፕ ሲምፕሰን፣ ጉድፍ ከያዛቸው ሕፃናት ጋር መገናኘት አዋቂዎችን ከአልማዝ ባለጭራ ሳይጠብቅ አይቀርም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከዚህ በመነሳት ሕፃናትን በጅምላ መከተብ አልማዝ ባለጭራን ያበዛ ይሆናል የሚል ሥጋት ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል፤ ብሪታንያ ክትባቱን ከመደበኛው መርሐ ግብር ውጭ ለዓመታት ካቆየችባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነበር።

ክትባት

ክትባቱን የሠራው ጃፓናዊው ሚቺያኪ ታካሃሺ ሲሆን፣ ውጤቱን በ1974 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጓል፤ ለሥራው ያነሳሳውም የገዛ ልጁ በጉድፍ ክፉኛ መታመሙ ነው። አሜሪካ በ1995 ፈቅዳዋለች፤ ከ2006 ጀምሮም ለሕፃናት በሁለት ዙር ይሰጣል። ከክትባቱ በፊት በዚያች አገር በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ይታመሙና ከ100 እስከ 150 የሚሆኑት ይሞቱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ክትባቱን በመደበኛነት የሚጀምሩ አገሮች ቢያንስ 80 በመቶ ሕፃናትን ማዳረስ እንዲችሉ ይመክራል፤ ሽፋኑ ዝቅተኛ ከሆነ በሽታው ይበልጥ ወደሚከፋበት ወደ አዋቂነት ዕድሜ ሊገፋ ይችላልና። ክትባቱ ለአሜሪካ የቋሚ ነዋሪነት ቪዛ አመልካቾች በሕክምና ምርመራ ወቅት ከሚጠየቁት አንዱ ነው። ሕይወት ያለው የተዳከመ ቫይረስ ስለያዘ ለነፍሰ ጡሮች አይሰጥም።

ሕክምና

ጤነኛ ሕፃን በአብዛኛው ያለ ልዩ መድኃኒት ይድናል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል፣ ለማሳከኩ ካላሚን የተባለው ቅባት ይበቃል፤ ጥፍሩን አሳጥሮ መቁረጥና ገላውን በንጽሕና መያዝ በመታከክ የሚመጣውን የባክቴሪያ ቁስለት ይቀንሳል። አስፕሪን ጉበትንና አንጎልን ከሚጎዳው ሬይ ሲንድረም ጋር ስለሚያያዝ ለልጅ ፈጽሞ መሰጠት የለበትም፤ አይቡፕሮፌንም ባይሰጥ ይመረጣል። አሲክሎቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው ሽፍታው በወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። አዋቂዎች ለሳንባ ምች ስለሚጋለጡ መድኃኒቱ በተለይ ለእነሱና የሰውነት መከላከያቸው ለተዳከመ ሰዎች ይታዘዛል።

ነፍሰ ጡር ሴት በመጀመሪያዎቹ 20 ሳምንታት በጉድፍ ከተያዘች ጽንሱ አልፎ አልፎ ሊጎዳ ይችላል፤ ከመውለዷ ከ5 ቀን በፊት እስከ ወለደች በ2ኛው ቀን ባለው ጊዜ ከታመመች ደግሞ አራስ ልጇ ለከባድ ሕመም ይጋለጣል። በመሆኑም ከዚህ ቀደም ያልታመመችና ያልተከተበች ነፍሰ ጡር ጉድፍ ካለበት ሰው ጋር ከተገናኘች፣ ሽፍታ እስኪወጣባት ሳትጠብቅ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባታል።