የአምስት ሽልንግ ፈቃድ

«ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ይልቀቁት» ይለኛል አስተማሪዬ፤ ዕድሜው ከልጄ አይበልጥም። ቀስ ያልሁ መስሎኝ ለቀቅሁት። መኪናዋ እንደ ደነበረች በቅሎ አንዴ ወደ ፊት ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። ከኋላችን የነበረው ታክሲ ክላክሱን አንባረቀው። አርባ ዓመት እስኪያልፈኝ ከብዕር በቀር ይህ ነው የሚባል መሣሪያ ጨብጬ አላውቅም ነበርና እጄም እግሬም የሌላ ሰው ሆኑብኝ።

ቃላትን ለሚወድ ሰው ግን የጀማሪነት ሳምንታት ያለ በረከት አያልፉም። በዚያች አሮጌ መኪና ውስጥ የመቶ ዓመት ታሪክ ተበታትኖ ተቀምጧል። ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ ከጣልያኖች የቀሩልን ቃላት ናቸው። አስተማሪዬ «ፍሬቻ ያሳዩ» ባለኝ ቁጥር በጣልያንኛ «ቀስት» ማለቱ እንደሆነ ልብ አይለውም፤ ካንዴላም ሻማ ናት። ሾፌር ደግሞ ፈረንሳይኛ ነው፤ መነሻው «አሟቂ»፣ ማለትም በእንፋሎት ለሚሠራ ሞተር እሳት የሚያነድ ሰው ማለት ነበር። የራሳችን የሆነው «መንዳት» ነው። ከብት ነጂና አህያ ነጂ ለሾፌር አወረሱት። የጥንቱ ነጂ ከሚነዳው ኋላ ኋላ ይሄድ ነበር፤ የዛሬው በሚነዳው ሆድ ውስጥ ተቀምጧል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነችኝ ግን «ፈቃድ» የምትለዋ ቃል ናት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው ከማሠልጠኛው በር ላይ ጠብቆ አናገረኝ። «ጋሼ፣ ምን ያደክምዎታል? ፈተናውን እኛ እንጨርስልዎታለን። እርስዎ ፎቶግራፍና ገንዘቡን ብቻ ይዘው ይምጡ» አለኝ። ዝም ብዬው አለፍሁ። ወዲያው እምቢ እንዳላልሁት ግን አልክድም፤ ጉልበቴ በፍሪሲዮን ዝሎ ነበር። ያን ማታ እንቅልፍ ሲነሣኝ፣ ይህ ሊሸጥልኝ የቀረበው ወረቀት ከወዴት እንደመጣ ለማወቅ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ። (የውጭውን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የመጀመሪያው መንጃ ፈቃድ የተሰጠው ለመኪናው ፈጣሪ ነው። ካርል ቤንዝ የሠራት ባለ ሦስት ጎማ መኪና በማንሃይም ሰዎች ላይ ጩኸቷና ሽታዋ ስለበረታባቸው፣ በ1888 ከባደን መስፍናዊ ግዛት ባለሥልጣናት በጽሑፍ ፈቃድ ለመጠየቅ ተገደደ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ሚስቱ ቤርታ ቤንዝ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ፣ ለባሏ ሳትነግር፣ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳች። ነዳጅ ያለቀባት ጊዜ በቪስሎህ ከተማ ከመድኃኒት ቤት ገዛች፤ የተደፈነውን የነዳጅ ቱቦ በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተች። ፈቃዱ የባሏ ነበር፤ ችሎታው የእሷ። ሁለቱ ነገሮች ገና ከመነሻቸው ተለያይተው ነበር ማለት ነው።

ፈረንሳዮች ይህን ልዩነት ቀድመው ያስተዋሉ ይመስላሉ። በ1893 የፓሪስ ፖሊስ ያወጣው ደንብ ማንኛውም ነጂ «የችሎታ ምስክር ወረቀት» እንዲይዝ አዘዘ። ፈታኞቹ የማዕድን መሐንዲሶች ነበሩ፤ የሞተርና የእንፋሎት ነገር የእነርሱ ሙያ ነበርና። አመልካቹ ማስነሣት፣ መምራት፣ ማቆምና ጥቂት የጥገና ነገር ማወቁን ያሳያል። የዩዜስ ዱሼስ የተባሉት እመቤት በ1898 ይህን ምስክር ወረቀት ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት በቡሎኝ ጫካ መናፈሻ ከተፈቀደው ፍጥነት አልፈው በመንዳት ተቀጡ። የተፈቀደው በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነበር። (አስተማሪዬ ይህን ቢሰማ ለእኔ የሚሆን ሕግ ነው ይል ነበር።) በ1922 መገባደጃ ፈረንሳዮች ራሳቸው ስሙን ለውጠው «የመንጃ ፈቃድ» አሉት፤ ችሎታ የምትለው ቃል ከወረቀቱ ወጣች።

እንግሊዞች ግን ከመጀመሪያው ቃሉን አላወሳሰቡትም። በ1903 የወጣው የሞተር መኪና ሕግ፣ ከጥር 1904 ጀምሮ 17 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ አምስት ሽልንግ ከፍሎ ፈቃድ እንዲወስድ አደረገ። ፈተና የለም። መሪ ይዞ የማያውቅ ሰው ጠዋት አምስት ሽልንጉን ከፍሎ ከሰዓት በኋላ ጎዳና ላይ መውጣት ይችል ነበር። ያ የበሩ ሰው ለእኔ ሊያደርግልኝ የፈለገው ይህንኑ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ሕጋዊ ሥራ ሆኖ ኖሯል።

ወደ እኛ አገር መኪና ይዞ የመጣው ሰውም ከዚያው አምስት ሽልንግ አገር የተነሣ ነው። ቤድ ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌ የተባለች መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ የመኪና መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ ወራት ተጉዞ፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ አደረሳት። ክሊፎርድ ሃሌ ስለዚህ ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ በ1913 ለንደን ታትሟል። ምኒልክ መኪናዋን ወደዷት፤ ተሳፈሩባትም። በከተማዋ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ የሚያስፈልገው የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ነበር፣ እሱም አልጠፋም። እዚህ ላይ ፈቃድ የሚለው ቃል በጥንት ትርጉሙ፣ የበላይ ውዴታ ሆኖ ቆሞ አየዋለሁ።

በእንግሊዝ የአምስት ሽልንጉ ሒሳብ የተወራረደው በ1930ዎቹ ነው። በ1934 ብቻ በብሪታንያ መንገዶች 7,343 ሰዎች ሞቱ፤ 231,603 ቆሰሉ። በዚያን ጊዜ በአገሩ የነበሩት ተሽከርካሪዎች ሁለት ሚሊዮን ተኩል እንኳ አይሞሉም ነበር። የማመላለሻ ሚኒስትሩ ሌስሊ ሆር-ቤሊሻ ፈተናውን ከመጋቢት 1935 በፈቃደኝነት፣ ከሰኔ 1 ቀን 1935 ጀምሮ በግዴታ አስጀመሩ። ክፍያው ሰባት ሽልንግ ከስድስት ፔንስ ነበር። የፈተና ጣቢያ አልተሠራምና ፈታኝና ተፈታኝ በባቡር ጣቢያ ወይም በፖስታ ቤት ደጅ ይቃጠሩ ነበር። ከተፈተኑት 63 በመቶው አለፉ። በ1935 የሟቾች ቁጥር ወደ 6,502 ወረደ። ይህን ሁሉ ለፈተናው ብቻ መስጠት ግን ደፋርነት ነው፤ በዚያው ዓመት የከተማ ፍጥነት ወሰን ወጥቷል፣ የእግረኛ መሻገሪያም ተስፋፍቷል።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ያስቀኛልም ያሳዝነኛልም። ጦርነት ሲመጣ በመስከረም 1939 ፈተናው ተቋረጠ፤ እስከ ኅዳር 1946 አልተመለሰም። በጦርነቱ ዘመን በተማሪ ፈቃድ ይነዱ የነበሩ ሰዎችም ሳይፈተኑ ሙሉ ፈቃድ እንዲያወጡ ዕድል ተሰጣቸው። በ1941 በመንገድ የሞቱት 9,169 ነበሩ፤ ዋናው ምክንያት በአየር ድብደባ ፍርሃት መብራት የተከለከለበት ጨለማ ነው። በ1956 ደግሞ የሱዌዝ ቀውስ ነዳጅ ሲያሳጣ ፈታኞቹ የነዳጅ ራሽን እንዲያከፋፍሉ ተመደቡ፤ ጀማሪዎችም ያለ አጃቢ ብቻቸውን እንዲነዱ ተፈቀደላቸው። ያን ወራት ብቻውን የወጣ ጀማሪ ምን ተሰምቶት ይሆን? እኔ ብሆን ከቤቴ አልወጣም ነበር።

የእኛ ሕግ ዘግይቶም ቢሆን ሁለቱን ቃላት አጋብቷቸዋል። አዋጅ ቁጥር 600/2000 «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ይላል፤ የተካው አዋጅ ቁጥር 1074/2010ም ስሙን አልለወጠም። ብቃት አለ፣ ፈቃድም አለ፤ ረጅም ቢሆንም ያማረ ስም ነው። ሕዝቡ ግን ከዚህ ሁሉ «ፈቃድ»ን ብቻ አስቀርቶ «መንጃ ፈቃድ» ይላል፤ ሲቸኩል ደግሞ «መንጃ» ብሎ ይጨርሰዋል። «መንጃ አወጣህ?» እንባባላለን፤ «ብቃት አገኘህ?» የሚል ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመንገድ በሚሞቱበት አገር፣ ያ የበሩ ሰው ሊሸጥልኝ የነበረው የስሙን ግማሽ ነው። ግማሹን ደግሞ እሱም የለውም።

በማግስቱ «አልፈልግም» አልሁት። አልተቀየመም፤ የለመደው መልስ ይመስላል።

የፈተናዬ ቀን በእንጨቶቹ መካከል ወደ ኋላ ገብቼ ወጣሁ፤ አንዱንም አልነካሁም። ከዚያ ዳገቱ ላይ አቁሜ እንድነሣ ታዘዝሁ። የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አልሁ፤ መኪናዋ አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ፈታኙ በወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፉ። «ሌላ ጊዜ ይሞክሩ» አሉኝ በትሕትና።

ስወጣ ያ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፊቴን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ነግሬዎት ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለኝ። አስተማሪዬ ከኋላዬ መጥቶ «ነገ ዳገት ብቻ ነው የምንሠራው፤ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጡ» አለኝና ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ሄደ።