እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩና ፒያኖአቸው



ከያዮ ተነሥቶ በመቱ በኩል ወደ ጎሬ የሚሄድ መንገደኛ፣ ግራና ቀኝ ከሚታየው የቡና ደን በቀር ሌላ ነገር ላያስብ ይችላል። ዳሩ ግን ጎሬ፣ አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ጊዜያዊ መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። በዚያ የጭንቅ ዘመን ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ከተሰለፉት መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ አንዷ ነበሩ። የዛሬው ንግግራችን ግን ስለ ታናሽ እኅታቸው ነው። የወይዘሮ ስንዱን ስም በትምህርት ቤትና በፓርላማ ታሪክ የሚያውቀው ብዙ ነው፤ የታናሽቱን ስም ግን ከአገሩ ሰው ይልቅ የውጭ አገር ሰው ቀድሞ አወቀው።

የውብዳር ገብሩ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በአውሮጳ የተማሩ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላከው መልእክተኛ ጋር የሄዱ ሰው ናቸው። ልጃቸውን በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ወደ ስዊስ አገር ላኩአቸው። በዚያም ቫዮሊንንና ፒያኖን ተማሩ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙ ሳይቆዩ ጦርነቱ መጣ። ጠላት ከቤተ ሰባቸው ሦስት ሰዎች ገደለባቸው፤ እርሳቸውም በ1929 ዓ.ም. ከወላጆቻቸው ጋር ተማርከው መጀመሪያ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም በናፖሊ አጠገብ ወዳለችው ወደ መርኮልያኖ ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው፣ እስክንድር ኮንቶሮቪች ከሚባሉ የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን መምህር ዘንድ በቀን እስከ 9 ሰዓት እየተለማመዱ ተማሩ። የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ስለ ጎዳው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ መምህራቸውም አብረው መጥተው የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መሩ። የውብዳርም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ያዙ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው የሕይወታቸውን መንገድ ያዞረው። በሎንዶን ከሚገኘው የንጉሣዊ የሙዚቃ አካዳሚ የትምህርት ዕድል መጣላቸው፤ ነገር ግን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። አንድ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲቀር በአንድ ሰው ዕድሜ ላይ የሚያደርሰውን፣ በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች ሁልጊዜ አናስበውም። የውብዳር እህል መቅመስ ትተው 12 ቀን ያህል በቡና ብቻ ቆዩ። የኢሉባቦር ሰው እንደሚያውቀው፣ ቡና የእህል ጓደኛ እንጂ የእህል ምትክ አይደለም። እስከ ሞት ደርሰው ሆስፒታል በገቡ ጊዜ ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ፤ ተረጋግተውም ተኙ። ሲነቁ የሙዚቃ ምኞታቸው ከልባቸው ወጥቶ ነበር።

ከዚያም ለቤተ ሰባቸው ሳይናገሩ ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ፤ ስማቸውም ጽጌ ማርያም ተባለ። በዚያ የመስቀል ቅርጽ ባለው አምባ ላይ፣ በጭቃ ቤት፣ በባዶ እግራቸው እየሄዱ 10 ዓመት ያህል ኖሩ። ፒያኖ የሚባል ነገር በአጠገባቸው አልነበረም። በስዊስና በካይሮ የሠለጠነች ጣት 10 ዓመት ሙሉ ዝም ስትል፣ ብዙ ሰው እንደ ጥፋት ይቈጥረዋል። እኔ ግን ዜማቸውን ባዳመጥኩ ቍጥር፣ ያ ዝምታ ባይኖር ኖሮ የአውሮጳን ሊቃውንት ሥራ አሳምራ የምትጫወት አንዲት ጥሩ ተማሪ ብቻ እናገኝ ነበር እላለሁ።

እማሆይ በኋላ ወደ ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። በዚያም የዜማ ተማሪዎች ቤት አጥተው በደጅ ሲያድሩ፣ ምግባቸውንም ለምነው ሲበሉ አዩ። የሚሰጡአቸው ገንዘብ ስላልነበራቸው፣ ያላቸውን ሙዚቃ ሊሰጡ ወሰኑ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1967 በንጉሠ ነገሥቱ ርዳታ የመጀመሪያው ሸክላቸው በጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች ልጆች ሆነ። በድርሰቶቻቸው ግራ እጅ የአውሮጳን ሥርዐት ሲጠብቅ፣ ቀኝ እጅ እንደ በገና ደርዳሪ ይዘገያል፤ አንዳንዴም እንደ ደብተራ ድምፁን ይሰብራል። ይህን ጃዝ የሚሉት አሉ፤ ስሙ ግን አይስማማውም።

በ1984 በአውሮጳ አቈጣጠር ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ገዳም፣ ከፒያኖአቸው ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀመጡ። በ2006 ሥራቸው በፈረንሳይ አገር ኢትዮጲክስ በሚባለው ተከታታይ እትም 21ኛ ቍጥር ሆኖ ወጣ። በዚያው ተራ ከሌሊት ክበብ ዘፋኞች ጋር አንዲት መነኵሲት መሰለፋቸው ያስገርማል። በ2013፣ 90 ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ በከረጢት ተጠቅልለው የኖሩት የእጅ ጽሑፎቻቸው በኢየሩሳሌም በኖታ ታተሙ፤ ሌሎች ፒያኖ ተጫዋቾችም በአደባባይ አሰሙአቸው። እማሆይ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በዚያው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።