ውል፣ እማኝ፣ ምስክር

«ውሉ ጠፋ» የሚባለው የተወሳሰበ ክር ጫፉ አልያዝ ሲል ነው። ያው ቃል ለተዋዋዮች ስምምነትም መጠሪያ ሆኗል። ጥንት በጎንደር የስምምነቱ ጫፍ የሚያዘው በሰው ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዓመት በከተማይቱ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ሕዳጎች ላይ የሰፈሩ የመሬት ሽያጭ ጽሑፎች ሻጩን፣ ገዢውን፣ በወርቅ ወቄት የተከፈለውን ዋጋና ሽያጩን ያዩትን ሰዎች በየስማቸው ይመዘግባሉ።

ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረቱን በተዋዋዮች ፈቃድ ላይ አኖረ። በቁጥር 1678 መሠረት ተዋዋዮቹ ችሎታ ያላቸው፣ ፈቃዳቸው ጉድለት የሌለበት፣ ጉዳዩም የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ ሊሆን ይገባል፤ ሕግ ፎርም ባዘዘ ጊዜ ፎርሙ ይጠበቃል። ቁጥር 1727 በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ሲያዝ፣ አዲሱ ሕግ ከጎንደሩ ልማድ ጋር ይገናኛል።

በእኛ አስተያየት ተርጓሚ ሁለት ቃላትን ሊለይ ይገባዋል። «እማኝ» ውሉ ሲደረግ እንዲያይ የተጠራው ነው፤ «ምስክር» ያየውን በዳኛ ፊት የሚናገረው ነው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ባለው ውል እማኝ ያላቆመ ሰው ኋላ መቶ ምስክር ቢቆጥር ውሉ አይጸናለትም።