ይድነቃቸው ተሰማ፡ ከኳስ ተጫዋችነት እስከ ፀረ-ዘረኝነት ትግል

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በተጫዋችነት፣ በአሠልጣኝነትና በአመራርነት ለኢትዮጵያና ለአፍሪካ እግር ኳስ ዕድገት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያበረከቱ፣ በስፖርት መስክ ይፈጸም የነበረውን የዘር መድልዎ በመታገልም በዓለም አቀፍ ደረጃ ስማቸው የሚነሳ ኢትዮጵያዊ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው በታዋቂነታቸው ከሚጠቀሱት ባለቅኔና ድምፃዊ ከነጋድራስ ተሰማ እሸቴ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ ገና በወጣትነታቸው ተቀላቅለው ለ23 ዓመታት ያህል የተጫወቱ ሲሆን፣ ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

ክለቡ ብዙም ሳይቆይ ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በመያዟ፣ የወራሪው አስተዳደር ነጮችንና አገሬውን በመኖሪያ፣ በመዝናኛና በስፖርት ሜዳ ጭምር የሚለይ ሥርዓት ዘረጋ። ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳቸው ከመጫወት በቀር ከነጮች ቡድኖች ጋር እንዲወዳደሩ አይፈቀድላቸውም ነበር። ወጣቱ ይድነቃቸው የዘር መድልዎን ያወቁት በሌሎች አገሮች ታሪክ ሳይሆን ራሳቸው በተጫወቱበት ሜዳ ነው።

ከነፃነት በኋላ እ.ኤ.አ በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም አቶ ይድነቃቸው ከቀዳሚዎቹ አደራጆች አንዱ ነበሩ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከተጫዋችነታቸው ጎን ለጎን ደንብ የማውጣት፣ ውድድር የማደራጀትና አገሪቱን በውጭ ስብሰባዎች የመወከል ሥራ ተሰጥቷቸዋል።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ በየካቲት ወር 1957 በካርቱም ሲመሠረት መሥራቾቹ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ይሁን እንጂ ደቡብ አፍሪካ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የምታሰልፈው ነጮችን ብቻ ወይም ጥቁሮችን ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን እንዳልሆነ በማስታወቋ፣ አቶ ይድነቃቸውን ጨምሮ የሌሎቹ አገሮች ተወካዮች ሐሳቡን አልተቀበሉም። በዚህም ምክንያት ውድድሩ በሦስት አገሮች ብቻ ተካሂዷል። ደቡብ አፍሪካም በኋላ ከኮንፌዴሬሽኑ ተወግዳለች።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ ብሔራዊ ቡድኑን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በተካሄደው የፍጻሜ ጨዋታ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 በማሸነፍ ዋንጫውን ወሰደች። ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን የተቀበሉት የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት በአሥመራ የተወለዱ ነበሩ። ከሃያ ዓመታት በፊት ዘርን ከዘር ይለይ የነበረው የፋሺስት ሥርዓት ለእንዲህ ያለ ቡድን ቦታ አልነበረውም።

በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ) የነበረው ትግል ግን ረዘም ያለ ነበር። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ በ1961 ያገደ ቢሆንም፣ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ አገሪቱን ከጎበኙ በኋላ እገዳው በ1963 ተነሳ። የአፍሪካ ተወካዮች ጉዳዩን ወደ ጠቅላላ ጉባኤ በማቅረባቸው በ1964 በቶኪዮ እገዳው እንደገና ጸና። በጉባኤው እያንዳንዱ አባል አገር አንድ ድምፅ ስላለው፣ ነፃ የወጡ የአፍሪካ አገሮች ቁጥር መጨመር ሚዛኑን እየቀየረው መጥቶ ነበር። የአቶ ይድነቃቸው የአሠራር ስልትም ደንብን ጠንቅቆ ማወቅ፣ አባል አገሮችን አስቀድሞ ማስተባበርና በድምፅ መርታት ነበር።

ለ1966 የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷ ቦታ ስላልተሰጣትም የአህጉሪቱ አገሮች ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። አቶ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር በመሆን ከተቃውሞው ቀዳሚ ድምፆች መካከል ነበሩ። ከ1970 ጀምሮ ለአፍሪካ አንድ ቦታ የተረጋገጠ ሲሆን፣ በ1982 ቁጥሩ ወደ ሁለት ከፍ ብሏል።

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ በ1971 የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1972 ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በ1974 የፊፋ ፕሬዚዳንት ምርጫ ብራዚላዊው ዡዋዎ አቬላንዥ ራውስን ያሸነፉት የአፍሪካ አገሮች ድምፅ ታክሎበት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሞንትሪያል በተካሄደው ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች።

በዚያው ዓመት የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በደቡብ አፍሪካ በመጫወቱ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቀርተዋል። ውሳኔው ዋጋ ያስከፈለ ነበር። ምሩጽ ይፍጠርን የመሰሉ አትሌቶች ለዓመታት የተዘጋጁበትን ዕድል አጥተዋል። ምሩጽ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር የወርቅ ባለቤት የሆነው ከአራት ዓመት በኋላ በሞስኮ ነው።

አቶ ይድነቃቸው የስፖርት ውድድሮች የትምባሆና የአልኮል መጠጦች ማስታወቂያ እንዳይሆኑ ይከራከሩ ነበር። የአፍሪካ ተጫዋቾች በብዛት ወደ አውሮፓ መሄዳቸውም የአህጉሪቱን ውድድሮች ያዳክማል የሚል አቋም ነበራቸው። በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር ከውጭ ክለቦች ሁለት ተጫዋቾችን ብቻ እንዲያሰልፍ ይፈቅድ የነበረው ደንብ ግን በእርሳቸው የፕሬዚዳንትነት ዘመን፣ በ1982 ቀርቷል።

አቶ ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነት ሥራቸው ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የታገሉት የአፓርታይድ ሥርዓት ሲወድቅ አላዩም። ደቡብ አፍሪካ በ1992 ወደ ፊፋ ተመልሳ፣ በ1996 ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን አሰልፋ ሻምፒዮን ሆናለች። በ1957 በካርቱም የተጠየቀችውም ይኸው ነበር።